የአራስ ቤት አይነካም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ደመወዜ ሊቆረጥ ነው። ሲሶው፣ በየወሩ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ።

የምን ዕዳ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ክቡን ሦስት ቦታ ከፍዬ አንዱን በጠመኔ ቀልሜ ሳልጨርስ የትምህርት ቤታችን ሒሳብ ሹም በበሩ ብቅ አለችና "አስቱ፣ አንዴ ውጪማ" አለችኝ። ፊቷን ሳየው ሰው የሞተብኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴን ነው፣ ከዚያ ልጄን ቤዛን።

ወረቀት ነው የሰጠችኝ። መርሳ ካለው ፍርድ ቤት የመጣ። "የፍርድ ባለዕዳ" ይላል፤ ከሥሩ ስሜ ከነአያቴ። ሁለቴ አነበብኩት።

በሕይወቴ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም፣ ለምስክርነት እንኳ። መርሳን ለቅቀን ወልድያ ከገባንም ወራት አልፈዋል። ሰው ሳይጠየቅ ይፈረድበታል?

ባሌ ሞገስ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። የሽቦና የፒንሳ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ሳቀ። "ሞክሼሽ ናት። ነገ ሄደሽ ተሳስታችኋል በያቸው" አለ። ባሌን የምወደው እንዲህ ሲል ነው። የምናደድበትም እንዲህ ሲል ነው።

እናቴ አልሳቀችም። "ዕዳ ከሜዳ" አለችና ቤዛን ከእጄ ወሰደቻት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሞክሼዬ አይደለችም።

ከርዕሰ መምህሩ ግማሽ ቀን ለምኜ በጠዋት የመርሳ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ሲሪንቃን ስናልፍ "ለገበያ ነው?" አሉኝ። "አዎ፣ ሽንኩርት ልገዛ" አልኳቸው። ማን ሽንኩርት ጨምሪ አለኝ? ከአፌ ውሸት እንዲህ በቀላሉ እንደሚወጣ ዛሬ ነው ልብ ያልኩት።

መዝገብ ቤት ያለው ሰው ጨዋ ነው። "ቁጭ በይ እህቴ" ብሎ መዝገቡን አውጥቶ ገለጠልኝ። በእርሳስ ጻፍኩት፦

ከሳሽ፦ ጋሽ ሰይድ፣ መርሳ ሳለን የተከራየንበት ቤት ባለቤት።
የጠየቁት፦ ከጥር እስከ ሰኔ የስድስት ወር ኪራይና ወጪ፣ ቤቱም እንዲለቀቅላቸው።
እኛ የለቀቅነው፦ በታኅሣሥ መጨረሻ! እስከ ታኅሣሥ ከፍለን!
መጥሪያ፦ ሚያዝያ ላይ ደርሷታል።

"ማነው የደረሳት? እኔ ወልድያ ነበርኩ፣ አራስ ነበርኩ!" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰዎች ዞሩ። እሱ ሳይቆጣ ገጹን ገልብጦ አሳየኝ። ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከጎኑ "ተቀባይ፦ ወ/ሮ ሉባባ፣ ጎረቤት። ለተከሳሽ አደርሳለሁ ብለዋል" ተብሎ ተጽፏል። እሱም ሳይበቃ በሩ ላይ ተለጥፏል። በቀጠሮው ስላልቀረብኩ በሌለሁበት ታይቶ ተፈረደ።

እትዬ ሉባባ! ሦስት ዓመት አንድ ግድግዳ የተጋራን። ቤዛን ሳረግዝ ውሃ እንዳልሸከም ጀሪካኑን ከእጄ የነጠቁኝ ሴትዮ። እሳቸው ወረቀቱን ምን አደረጉት?

ሰውየው አስረዳኝ። ፍርዱን ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለኝ። መጥሪያው እንዳልደረሰኝ፣ ቤቱንም በወጉ እንደለቀቅሁ ካስረዳሁ መዝገቡ ሊከፈት ይችላል። ማመልከቻ፣ ቃለ መሐላ፣ ምስክር። "ምስክር አለሽ?" አለኝ።

አንድ አለችኝ። ያው አሻራዋ መዝገቡ ላይ ያለው ሴትዮ።

ከፍርድ ቤቱ እስከ ድሮው ሰፈሬ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ጊዜ የለኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በእረፍት ሰዓት ደሴ ለሚኖሩት ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ። ልሰድባቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አንስተው "ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሕፃኑስ?" ሲሉኝ "ደህና ናት" ብዬ መለስኩ።

"ክፉ ላደርግብሽ ብዬ አይደለም" አሉ። "ቁልፌን ልቀበል በመጋቢት መርሳ ድረስ መጣሁ። ሉባባ በሩ ላይ ቆማ 'የአራስ ቤት አይነካም፤ ሰማንያዋን ስትጨርስ ትመጣለች' አለችኝ። በመስኮት ባይ አልጋሽ ተዘርግቷል። ብደውል ስልክሽ ዝግ። ምን ላድርግ?"

"አምና በኅዳር ደውዬ እንለቃለን፣ ቁልፉን እትዬ ሉባባ ጋ እተዋለሁ ብዬዎታለሁ እኮ!"

"ብለሽኛል። ኋላ ሐሳብሽን የቀየርሽ መሰለኝ። የጎረቤትሽን ቃል ትቼ የተዘጋ ስልክ ልመን?"

ስልኬ ዕቃ ስንጭን ጠፋ፤ ወልድያ ገብቼ አዲስ ቁጥር አወጣሁ፤ ለእሳቸው መስጠት ትዝም አላለኝ። አልጋው አይሱዙው ላይ አልገባ ብሎ ነው የተውነው። የሚገባው ሰው ይተኛበታል ብዬ።

አሁን የምጽፈውን ለሞገስም አልነገርኩትም።

ዝውውሬ ሲመጣ ለእትዬ ሉባባ ደብቄያቸው ነበር። ሁለቱም ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ የትልቁ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። "አንቺም ደግሞ ጥለሽኝ ሂጂ አሉሽ" ይሉኝ ነበር፣ እየሳቁ። ታዲያ በምን አፌ ልንገራቸው? ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ መኪናው ደጅ ቆመ። ያኔ ቁልፉን እጃቸው ላይ አድርጌ "እናቴ ቤት ልታረስ ነው፤ እመለሳለሁ" አልኳቸው። ሴት ልጅ እናቷ ቤት ሄዳ ትታረሳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፤ ማን ይጠረጥራል? "ይህ ሁሉ ዕቃስ?" ሲሉኝ "እናቴ ቤት ዕቃ የለም" አልኩ። ያንንም አመኑኝ።

ፊታቸው ሲጠቁር እንዳላይ ብዬ ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ውሸት መርሳ ላይ ስድስት ወር ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከትምህርት ቤት ስወጣ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። በሁለት ጣት ነው የሚተይቡት፣ ግን ይፈጥናሉ። ነገሩን ሳልጨርስላቸው ጽፈው አነበቡልኝ፦ "ጎረቤቴ ወ/ሮ ሉባባ መጥሪያውን ሆን ብለው በመደበቅ..."

"ሆን ብለው አላልኩም" አልኳቸው።

"ካላልሽ ፍርዱን ማን ያነሳልሻል? ለመሆኑ ሴትዮዋ ቀርበው ይናገራሉ?"

"ይናገራሉ።"

"እንግዲያው ቀድመሽ አስጠኚያቸው። 'ለቅቃ ሄዳለች፤ ቁልፉን ለባለቤቱ ስጪልኝ ብላኛለች' ይበሉ። ሌላ አይጨምሩ። አበቃ።"

አስተማሪ አይደለሁ፣ ላስጠና ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ማታ ለሞገስ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። "ስለዚህ አንቺ ነሽ" አለ። ብቻዬን ሳለሁ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር፤ እናቴ ፊት ነው ያለው። እሱ ሥራ የሚያገኘው ቤት የሚሠራ ሰው ሲኖር ነው። ሲሚንቶ እንዲህ ከተወደደ ወዲህ ማን ይሠራል? በቋሚነት የሚገባው የኔ ነው፤ ከሱም ኪራይ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የቤዛ ነገር። ሲሶው ሲነሳ ከነዚህ አንዱ መውደቁ ነው። የትኛው? ለስድስተኛ ክፍሎች እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

"አስጠኚያቸው" አለ በመጨረሻ። "ማንን ይጎዳል?"

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከሥራ በፊት ደርሼ ተመለስኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። እውነቱ ይውጣልኝ እንዳልል የምሸነፈው በእውነቱ ነው።

ሌላ ምንም የለም። ሰባት ደብተር ሳላርም መለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቤዛን አዝዬ መርሳ ሄድኩ።

እትዬ ሉባባ ደጃቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ነበር። ቀና ሲሉ ለአፍታ አልለዩኝም። ከዚያ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ። "እሰይ! እሰይ! አንቺ ልጅ! ሰማንያሽ አልፎ ልጅቱ ጥርስ አውጥታ ነው የምትመጪው?" ቤዛን ከጀርባዬ ፈትተው ወሰዷት። "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያሉ ግንባሯ ላይ እፍ አሉባት። ሌላ ሰው ሲይዛት የምታለቅስ ልጅ ሻሻቸውን ይዛ ዝም አለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ናፍቆት መሰላቸው፤ ናፍቆትም ነበረበት።

የድሮ ቤቴ በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። "ኋላማ በትእዛዝ ከፈቱት፣ ምን ላድርግ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "አልጋሽን ግን አላስወሰድኩም። እዚህ ጓዳ አለልሽ።"

መጥሪያውን ሳልጠይቃቸው አመጡት። ሳጥናቸው ውስጥ ከልጆቻቸው ፎቶ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። አልከፈቱትም፤ ቢከፍቱትም ማንበብ አይችሉም።

"የክስ ነገር ነው አሉኝ። አራስ እንዴት ይደነግጣል? ወተትሽ ይደርቅ የለም ወይ? ሰማንያዋን ስትጨርስ በእጇ እሰጣታለሁ ብዬ ፈረምኩ። ጠበቅሁሽ። ብትቀሪ ጊዜ የት ብዬ ልላክልሽ? ቁጥርሽ የለኝ።"

ከዚያ ከጋሽ ሰይድ ጋር የተጣሉበትን ነገሩኝ፣ ተነስተው ቆመው፣ እጃቸውን በሩ ላይ እንደዘረጉ ሆነው እያሳዩ። "'የሰው ቤት ሰው በሌለበት ትከፍታለህ?' አልኩት። በየሳምንቱ እኮ እጠርገው ነበር። አልጋሽንም የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ከመንገድ ስትገቢ ጋደም እንድትይ።"

በመስኮት የታየው አልጋ።

ቦርሳዬ ውስጥ የማመልከቻው ወረቀት አለ። ማስጠናት ያለብኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ከፈትኩና "እትዬ፣ ፍርድ ቤት ቀርበው ይመሰክሩልኛል?" አልኩ።

"ኧረ በደስታ! ምን ብዬ?"

"የሚያውቁትን" አልኩ። ሌላው ከአፌ አልወጣም።

"የማውቀውንማ ወላሂ ብዬ እናገራለሁ! 'እመለሳለሁ ብላኝ ነው የሄደች፤ የሷን ቃል እኔ አውቃለሁ፣ ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም፤ ቤቷን ጠብቄላታለሁ' እላለሁ። ዳኛው ይሰማኛል።"

ይሰማቸዋል። ሰምቶም ስድስቱን ወር እኔው ላይ ያጸናዋል። ያለኝ አንድ ምስክር ነው፤ እሱም ለጋሽ ሰይድ ከራሳቸው ከጋሽ ሰይድ የሚበልጥ ምስክር ነው። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎኝ ቤዛ ፈራች።

ቁጥሬን በትልልቁ ጽፌ ሰጥቻቸው ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመው የቤዛን እግር ይዘው ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሞገስ "አስጠናሻቸው?" አለኝ፤ "አላስጠናሁም" አልኩት። ፒንሳውን ይዞ የጎረቤት ማብሪያ ሊሠራ ወጣ። ያለ ክፍያ እንደሆነ አውቃለሁ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ነገ ጾም ይገባል። ሁሉን ስነግራት ቀና ሳትል "አንቺ እኮ ከልጅነትሽም ሰው እንዳይከፋው ብለሽ ነው የምትዋሺው" አለች። "ክፋት ያለበት ውሸት ይሻላል። ቢያንስ ባለቤቱ ይጠነቀቀዋል።" ተናደድኩባት። እስካሁን እንደተናደድኩ ነው፤ ልክ ስለሆነች ይመስለኛል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቃለ መሐላውን እኔ ብምል፣ እትዬ ሉባባን ባልጠራስ? የምምለው እኔ ነኝ፤ ለጋሽ ሰይድ ማን ይነግራቸዋል? ሌላ ሐሳብ፦ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው እሳቸውን ቢጠሩስ? ይጠራሉ። ምን ይከለክላቸዋል? ሦስተኛ ሐሳብ የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ሁለት ነገር አደረግሁ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይልቅ ፈርቼው ነበር።

ፈቃዱን ርዕሰ መምህሩ እያጉረመረመ ሰጠኝ፤ "ይህ የመጨረሻ ነው" አለ። ሦስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ያ ጨዋ ሰው ማመልከቻዬን አይቶ የቃለ መሐላውን ወረቀት አቀረበልኝ። "አንብቢና ፈርሚ" አለ። "ቤቱን ለቅቄ መሄዴን አስታውቄ፣ ቁልፉ ለባለቤቱ እንዲሰጥ ለጎረቤቴ ነግሬ አስረክቤያለሁ" ይላል። ከሥሩ በሐሰት ብምል እንደምጠየቅ ተጽፏል። እስክሪብቶውን ያዝኩ። የፈራሁት መጠየቁን አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ለእትዬ ሉባባ አንብበውላቸው "እንዲህ ብላዎታለች?" ሲሏቸው ታየኝ። ዳኛ ፊት ቆመው፣ ከሰው አፍ ሊሰሙት ነው።

"ልመለስበት" አልኩት። "ቀን አለሽ፣ አትቸኩይ" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። አልመለስበትም። ይቆረጥ።

ከዚያ አሥሯን ደቂቃ ተጓዝኩ።

እትዬ ሉባባ ብቻዬን ሲያዩኝ "ልጅቱስ?" አሉ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ብቀመጥ የምነግራቸው አልመሰለኝም። ዝውውሬ ቀድሞ እንደመጣ። ለመታረስ እንዳልሄድኩ። ያኔም እንደማልመለስ አውቅ እንደነበር። ፊታቸውን ላለማየት ብዬ እንደሆነ።

በርበሬውን መልቀም አልተዉም። ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

"ታዲያ እኔ ባዶ ቤት ነው የጠበቅሁት?" አሉ።

"አዎ።"

"ኪራዩንም ያስከፈልኩሽ እኔ ነኝ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። እርስዎ ምን አድርገው? ያልኩዎትን ነው ያመኑት።"

ተነስተው ጓዳ ገቡ። በመሀረብ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ፤ ልጃቸው ከላከው ያጠራቀሙት። እጄ ላይ ሊያደርጉት ሲሉ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ፣ እንደ ሕፃን። "አልወስድም" አልኩ። "ውሰጂ" አሉ። "አልወስድም፣ በልጅዎ ይሁንብዎት።" ቋጠሮውን መደቡ ላይ አስቀመጡት። ሲቆጡ አይቻቸው የማላውቅ ሴትዮ ድምፃቸው ተሰበረ።

"ብትነግሪኝ ምን እልሽ ነበር? ልጆቼን የሸኘሁ ሰው ነኝ። አንቺን መሸኘት ያቅተኝ ነበር? ዱዓ አድርጌ፣ ስንቅ ቋጥሬ፣ አስፋልቱ ድረስ ይዤሽ እወጣ ነበር። ያንን ነው የከለከልሽኝ።"

ይቅርታ አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ በርበሬያቸው ዞሩ። "ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል" አሉ። ዛሬ አልሸኙኝም። አስፋልቱ ጋ ደርሼ ዞር ብዬ አየሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለበትም።

ለሞገስ ነገርኩት። ብዙ ይናገረኛል ብዬ ነበር። "እሺ፣ እንግዲህ" አለ ብቻ። የእናቴን መድኃኒት እሱ እንደሚገዛ፣ ወተቱን ግን መቀነስ እንዳለብን ተነጋገርን። የኅዳር ደመወዝ ጎድሎ ይወጣል፣ የታኅሣሥም፣ የጥርም። ይህ እንኳ አንድ ቀን ያልቃል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ፍርድ ቤት መስሎኝ ላነሳው አልፈለግሁም ነበር። ሰፈራቸው ያለው ባለሱቅ ነው። "ቆይ፣ ሉባባ ላናግራት ብለው ነው" አለ።

"ገባሽ?" አሉኝ።

"ገባሁ፣ እትዬ።"

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አጥብቀው የያዙ መሰለኝ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

"ልጅቱን አልብሻት፣ ብርድ ነው" አሉና ዘጉት።